ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሄሊኮፕተር ድርጅቶች አደጋን እንዴት ይከላከላሉ?



ሄሊኮፕተር ብዙዎቻችሁ አይታችሁ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ አገራችንን በወረረ ጊዜ መንጋው ያረፈበትን ቦታ ለመፈለግ ሄሊኮፕተሮች ተሰማርተው ነበር። ሄሊኮፕተር እንደ አውሮፕላን ረጅም ሜዳ አይፈልግም። ካለበት ቀጥ ብሎ ይነሣል። ቀጥ ብሎ ያርፋል። በአየር ላይም ባለበት ቆሞ ይቆያል። ስለዚህ ሌላ መጓጓዣ በማይደርስበት ቦታ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል።

ታዲያ ያን የሚያህል ከባድ ብረት ሰው ጭኖ ሲበር፣ ተሳፋሪው የሚተማመነው በምኑ ነው? በአብራሪው ጉብዝና ነው? አብራሪው ጎበዝ መሆን አለበት፤ ይህ ግድ ነው። ግን ብቻውን አይበቃም። ከአብራሪው በስተጀርባ መካኒኩ አለ፣ ዕቃ ጫኙ አለ፣ መዝገብ ያዡ አለ፣ የድርጅቱ ኃላፊ አለ። የእነዚህ ሰዎች አሠራር ካልተያያዘ ጉብዝና ዋጋ የለውም። በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ ነው። ትምህርቱ ግን ሩቅ አይደለም።

ባሕር ላይ የሚሠሩ ሰዎች

በብሪታንያና በኖርዌይ መካከል ሰሜን ባሕር የሚባል ሰፊና ቀዝቃዛ ባሕር አለ። ከባሕሩ ወለል ሥር ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ይገኛል። ነዳጁን የሚያወጡት ሠራተኞች በባሕሩ መካከል በቆሙ ትልልቅ የብረት መድረኮች ላይ ይኖራሉ። እዚያ ለሳምንታት ይሠሩና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የሚመላለሱት በሄሊኮፕተር ነው። በስኮትላንድ ያለችው የአበርዲን ከተማ የዚህ ምልልስ ዋና መነሻ ናት።

ሄሊኮፕተሮቹ የድርጅቶች ናቸው። ድርጅቶቹ ከነዳጅ ኩባንያዎች ጋር ተዋውለው ሰው ያመላልሳሉ። በእኛ አገር አውቶቡስ እንደሚሠራው ማለት ነው። ግን አንድ ልዩነት አለ። አውቶቡስ ቢበላሽ መንገድ ዳር ይቆማል። ሄሊኮፕተር በባሕር ላይ ቢበላሽ የሚቆምበት ዳር የለውም።

የማርሽ ሳጥን ምንድን ነው?

ሄሊኮፕተርን ወደ ላይ የሚያነሣው ከአናቱ ላይ የሚሽከረከረው ረጅም ክንፍ ነው። ክንፉን የሚያዞረው ሞተር ነው። ነገር ግን ሞተሩ እጅግ ይፈጥናል። ሱፐር ፑማ በሚባለው ሄሊኮፕተር ሞተሩ በደቂቃ ከ20,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ክንፉ ግን በደቂቃ መዞር ያለበት 265 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ይህን ፍጥነት የሚያበርደው በመካከል ያለው የማርሽ ሳጥን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ጥርስ ያላቸው ብረቶች እርስ በርስ ተያይዘው ይዞራሉ። ዘይት ያለሰልሳቸዋል፤ ያቀዘቅዛቸዋልም።

ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ሞተሩ ቢጮህም ቺንጋው ከተበጠሰ ድንጋዩ አይዞርም፤ አይደል? ወፍጮ ሲቆም እህሉ ሳይፈጭ ያድራል። የሄሊኮፕተር ማርሽ ሲሰበር ግን የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ብረት ሲደክም በአንድ ጊዜ አይሰበርም። መጀመሪያ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምረዋል። ቀጥሎ ትንሽ ስባሪ ትላቀቅና በዘይቱ ውስጥ ትሄዳለች። መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ በዘይቱ መንገድ ላይ ማግኔት ያኖራሉ። ማግኔት ብረት ይስባል። ስባሪዋ ማግኔቱ ላይ ስትለጠፍ ለመካኒኩ ምልክት ናት። «ውስጤ ታሟል፣ ፈትሹኝ» እንደ ማለት ነው።

ስባሪዋ ተገኝታ ነበር

መጋቢት 16 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 መሆኑ ነው፣ ቦንድ በሚባል ድርጅት ውስጥ ከአንድ ሱፐር ፑማ ማግኔት ላይ አንዲት የብረት ስባሪ ተገኘች። ስባሪዋ ከስንዴ ቅንጣት ታንሳለች።

መካኒኮቹ ዝም አላሉም። ሄሊኮፕተሩን የሠራውን ፋብሪካ በስልክና በኢሜይል ጠየቁ። ነገር ግን በመካከላቸው መግባባት ጎደለ። አንዱ ወገን የተናገረውን ሌላው በሌላ መንገድ ተረዳው። ስባሪዋ ከየትኛው ዓይነት ብረት እንደ ወጣችም በትክክል ሳይታወቅ ቀረ። የማርሽ ሳጥኑ የውስጥ ክፍል ወጥቶ ሳይታይ ሄሊኮፕተሩ ወደ ሥራ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማግኔቱ ሲታይ ሌላ ምልክት አልተገኘም።

ለምን አልተገኘም? ሳጥኑ ውስጥ ሌሎች ማግኔቶችም ነበሩ። የተሠሩት ስባሪ ወደ ሌላ ክፍል እንዳያልፍና ጉዳት እንዳያደርስ ነው። ነገር ግን ስባሪን እዚያው ስለሚያስቀሩ፣ ስባሪው ምልክት ወደሚሰጠው ማግኔት የመድረስ ዕድሉን አሳነሱት። ለጥቅም የተሠራው ነገር ምልክቱን ሸፈነው ማለት ነው።

መጋቢት 23 ቀን ያው ሄሊኮፕተር ሚለር ከሚባለው የነዳጅ መድረክ ሠራተኞችን ይዞ ወደ አበርዲን ይመለስ ነበር። ስባሪዋ ከተገኘች በኋላ የበረረው 36 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በመንገድ ላይ የማርሽ ሳጥኑ ተሰበረ። የላይኛው ክንፍ ከሄሊኮፕተሩ ተለየ። ሄሊኮፕተሩም ባሕር ውስጥ ወደቀ። 14 ተሳፋሪዎችና 2 አብራሪዎች፣ በድምሩ 16 ሰዎች ሞቱ። አንድም የተረፈ የለም።

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች ነገሩን አጥንተው በ2011 በፈረንጆች አቆጣጠር ውጤቱን አወጡ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በስኮትላንድ በዳኛ ፊት ምርመራ ተደረገ። በዚያ ምርመራ የጥገናው መጽሐፍ የሚያዘው ሥራ እንደ ታዘዘው እንዳልተሠራ ተገለጸ። ከፋብሪካው ጋር የተደረገው መነጋገርም በተወሰነው ሥርዓት አልሄደም ተባለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። መጽሐፉም ነበረ። ማንበብም ያውቃሉ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ መጽሐፉ ያለውን ቃል በቃል መፈጸም፣ የተነጋገሩትንም ደግሞ ማረጋገጥ።

ከ20 ቀን በፊት በሌላ ባሕር

ከዚህ አደጋ 20 ቀን ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አጠገብ ሌላ አደጋ ደርሶ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ሲኮርስኪ ኤስ 92 የሚባለው ነው። ኩገር የሚባል ድርጅት 18 ሰዎች አሳፍሮ ወደ ነዳጅ መድረኮች ይወስድ ነበር።

በዚህ ሄሊኮፕተር የማርሽ ሳጥን ላይ ዘይት የሚያጣራ ዕቃ አለ። ዕቃውን አጥብቀው የያዙት 3 ቡሎኖች ናቸው። ቡሎኖቹ ቲታንየም ከሚባል ቀላል ብረት የተሠሩ ነበሩ። ዳዶው በተፈታና በታሰረ ቁጥር ቡሎኑ እየተጎዳ ሄደ። በዚያን ቀን ከ3ቱ 2ቱ ተበጠሱ። ዘይቱ ፈሶ አለቀ። ሄሊኮፕተሩ ወደ ምድር ለመመለስ ሞከረ፤ አልደረሰም። 17 ሰዎች ሞቱ። አንድ ሰው ብቻ ተረፈ።

ይህም ድንገት የመጣ አልነበረም። ከ8 ወር ያህል በፊት በአውስትራሊያ የዚሁ ዓይነት ሄሊኮፕተር ቡሎን ተበጥሶበት ዘይቱ ፈስሶ ነበር። አብራሪዎቹ በሰላም አረፉ፤ ሰው አልሞተም። ፋብሪካው ነገሩን መረመረ። በጥር 2001 ዓ.ም. ቡሎኖቹ በጠንካራ ብረት ይለወጡ ብሎ ጻፈ። ነገር ግን የሰጠው ጊዜ ረጅም ነበር፦ አንድ ዓመት፣ ወይም 1,250 የበረራ ሰዓት። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት «ቡሎኑ ሳይለወጥ አንድም እንዳይበር» ብሎ አዘዘ። ፋብሪካው ከጻፈበት ቀን እስከ አደጋው አንድ ወር ተኩል እንኳ አልሞላም።

ሰው አልሞተም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። በሬ ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራቶ ቢተርፍ «ተመስገን» ብለን እንሄዳለን? ወይስ አፋፉን እናጥራለን? ጥያቄው ይህ ነው።

የደኅንነት አያያዝ ማለት ምንድን ነው?

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሚባል ማኅበር አለ። አገራችን ኢትዮጵያም አባል ናት። ይህ ድርጅት ስለ ደኅንነት አያያዝ ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ ደንብ አውጥቶ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። የደንቡን ሐሳብ በአራት ከፍለን እንየው።

አንደኛ፣ ኃላፊነት ነው። የድርጅቱ የበላይ ሰው «እኔ አላውቅም፣ መካኒኩን ጠይቁ» ሊል አይችልም። ለጥገና የሚሆነውን ጊዜ፣ ገንዘብና ሰው መመደብ የእርሱ ሥራ ነው። መካኒኩን አቻኩሎ አደጋ ሲመጣ መካኒኩን ብቻ መክሰስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ አደጋን ቀድሞ መፈለግና መመዘን ነው። ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ይህ ነገር ምን ያህል ጊዜ ሊደርስ ይችላል? ቢደርስስ ምን ያህል ያጠፋል? የመቀመጫ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ይቀደዳል፤ ግን ሰው አይገድልም። የማርሽ ሳጥን ቡሎን ብዙ ጊዜ አይበጠስም፤ ከተበጠሰ ግን 17 ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቡሎኑ ይቀድማል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ መከታተል ነው። በጥቅምት 1979 ዓ.ም. በስኮትላንድ ሰሜን ቺኑክ የሚባል ትልቅ ሄሊኮፕተር ማርሹ ተበላሽቶ ባሕር ውስጥ ወድቆ 45 ሰዎች ሞተው ነበር። ከዚያ በኋላ የማርሹን ንዝረት እያዳመጠ የሚመዘግብ መሣሪያ በሰሜን ባሕር ሄሊኮፕተሮች ላይ ተገጠመ። ሐኪም ደረትን እንደሚያዳምጥ ማለት ነው። መሣሪያው ብዙ ረድቷል። ግን ሁሉን አይሰማም። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በኖርዌይ አንድ ሄሊኮፕተር የማርሽ ሳጥኑ ተሰብሮ 13 ሰዎች ሲሞቱ፣ ማግኔቱም የንዝረት መሣሪያውም አስቀድመው አላስጠነቀቁም። ስለዚህ «መሣሪያ አለን» ብሎ መተኛት አይቻልም። አሠራሩ ራሱ በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

አራተኛ፣ ማስተማር ነው። ወደ ባሕር መድረክ የሚሄድ ሠራተኛ ሁሉ አስቀድሞ ይለማመዳል። ሄሊኮፕተር ከባዱ ዕቃው ከላይ ስለሆነ ውሃ ላይ ሲያርፍ መገልበጥ ይቀናዋል። ስለዚህ ሠራተኛው በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ተገልብጦ በሚሰጥም ሳጥን ተቀምጦ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ በመስኮት መውጣትን ይማራል። በበረራው ቀን ደግሞ ውሃ የማያስገባ ልብስ ይለብሳል። በቀዝቃዛ ባሕር ሰውን ከመስጠም በፊት ብርዱ ሊገድለው ይችላልና።

ትንንሽ ሥራ፣ ትልቅ ነገር

በጥገና ቤት ግድግዳ ላይ የመፍቻ ሰሌዳ ይሰቀላል። የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በሰሌዳው ላይ ይሣላል። ማታ ሥራ ሲያልቅ አንድ ቅርጽ ባዶ ከሆነ አንድ መፍቻ ጠፍቷል ማለት ነው። ምናልባት ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ተረስቶ ይሆናል። መፍቻው እስኪገኝ ሄሊኮፕተሩ አይነሣም። በግ ሲቆጠር አንድ ቢጎድል እረኛው በረቱን ዘግቶ አይተኛም፤ ይኸውም እንደዚያ ነው።

ሌላም አለ። አብራሪው ክንፉን የሚመራበት ክፍል ሲጠገን አንድ መካኒክ ብቻውን ጨርሶ አይፈርምም። ሌላ መካኒክ በራሱ ዓይን ያየዋል። ሁለቱም ይፈርማሉ። አንድ እንጨት አይነድ፣ አንድ ሰው አይፈርድ እንዲሉ።

ዝምታም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። ለጠብና ለነገር ጊዜ ይህ እውነት ነው። በጥገና ቤት ግን ዝምታ ይነቅዛል።

እስቲ አንድ ወጣት መካኒክ አስቡ። ማታ ቤቱ ከገባ በኋላ «ያችን ቡሎን አጥብቄያታለሁ ወይስ አላጠበቅኋትም?» ብሎ ተጠራጠረ። ቢናገር አለቃው የሚቆጣው፣ ደመወዙን የሚቆርጠው ከሆነ ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። ጠዋት ሄሊኮፕተሩ ይነሣል። ቢናገር ግን «ደግ አደረግህ፣ ና አብረን እንያት» የሚባል ከሆነ በሌሊትም ቢሆን ይደውላል።

ስለዚህ ጥሩ ድርጅቶች አንድ ስምምነት አላቸው። ሳያስበው የተሳሳተና ስህተቱን የተናገረ ሰው ስለ መናገሩ አይቀጣም። ሰክሮ የመጣ፣ ሆን ብሎ ደንብ የጣሰ፣ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ የፈረመ ግን ይቀጣል። ስህተትና ክፋት አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

መናገሩም ብቻ አይበቃም። የተነገረው መልስ ማግኘት አለበት። ሰው ሦስት ጊዜ ጽፎ መልስ ካጣ አራተኛ ጊዜ አይጽፍም።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን?

ሄሊኮፕተር የለንም። ወፍጮ ግን አለን። የውሃ ፓምፕ አለን። የጸረ ተባይ መድኃኒትና መርጫው አለን። ሕፃናት የሚሻገሩበት ድልድይ አለን። በእነዚህም ሰው ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜም ከመጎዳቱ በፊት ምልክቱን ያየ ሰው አለ። «ቺንጋው እኮ ተተልትሎ አይቼው ነበር» ይባላል፤ የወፍጮው ሠራተኛ እጁ ከተያዘ በኋላ። ከተያዘ በኋላ ምን ዋጋ አለው?

እኛ አስተማሪዎቻችሁ አንድ ነገር እንላችኋለን። በወፍጮ ቤቱና በፓምፑ አጠገብ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይኑር። ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 12
የታየው፦ የወፍጮው ቺንጋ ጠርዙ ተተልትሏል።
ያየው፦ ስም
የተደረገው፦ ወፍጮው ቆሟል። ቺንጋው ዓርብ ይለወጣል።
ሥራውን ያየ ሁለተኛ ሰው፦ ስም

አምስት መስመር ብቻ ናት። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይጽፋታል። መጻፍ ያልቻለ ጎረቤት ቢኖር እርሱ ይናገር፣ እናንተ ጻፉለት። ከጻፋችሁ በኋላ መልሳችሁ አንብቡለት። «ያሉት እንዲህ ነው አይደል?» ብላችሁ ጠይቁት። በአበርዲንና በፋብሪካው መካከል የጎደለው ይህ ነበር።

ደብተሩንም በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስባችሁ አንብቡት። «የተደረገው» የሚለው መስመር ባዶ ከሆነ «ለምን?» በሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ነገር ግን ተጽፎ ያልተነበበ፣ ተነብቦም ያልተሠራበት ወረቀት ሰው አያድንም።

ከስንዴ ቅንጣት ያነሰችው ስባሪ በመዳፍ ተይዛ ታይታ ነበር። 16 ሰዎችን ለማዳን 7 ቀን ነበረ። ስለዚህ፦

ያያችሁትን ጻፉ። የተጻፈውን አንብቡ። ባነበባችሁት ሥሩበት።